የሁዳዴ እንቁላል

ሰው አላምንም። ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ቦርሳዬን በሁለት እጄ የማቅፍ፣ ሰዎች ሲስቁ በኔ ነው የምል፣ ስልክ ጠርቶ ሲዘጋ ማን ሊሰልለኝ ፈልጎ ነው እያልኩ ቁጥሩን መላልሼ የማይ ሴት ነኝ። ይህን ጠባይ ያ ቢሮ ሰጠኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ውሸት ነው። ይዤው ነው የገባሁት። ቢሮው ቀለበው እንጂ አልፈጠረውም።

ቢሮው ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ ውስጥ፣ ከሥሩ የህንዶች የጨርቅ መደብር ያለበት ፎቅ አራተኛው ደርብ ላይ ነው። ሥራችን በስልክ ማስተርጎም ነበር። ባሕር ማዶ ያለ ሆስፒታል እንግሊዝኛ የማይችል ሐበሻ በሽተኛ ሲመጣበት ወደኛ ይደውላል፤ እኛ ማዳመጫችንን ጆሯችን ላይ ደፍተን በሐኪሙና በበሽተኛው መሀል እንገባለን። የሰው ቁርጠት፣ የሰው ውርጃ፣ የሰው ኑዛዜ በጆሯችን እየገባ በአፋችን ይወጣል። ስልክ ከሦስት ጥሪ በላይ ማስጮህ ጥፋት ነው። አንዷ ልጅ አንድ ቀን ለአንዲት እናት የልጇን መርዶ አስተርጉማ እያለቀሰች ሳለ ቀጣዩ ስልክ ጠራ፤ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ አነሳችው። ማናችንም ቀና ብለን አላየናትም፤ የኛም ስልክ ይጠራ ነበርና።

መስኮቶቹ የመንገድ ጩኸት እንዳያስገቡ በሚስማር ተመትተዋል። ጠዋት ስንገባ ሞባይላችንን ካርቶን ውስጥ አስቀምጠን፣ ስንወጣ እንቀበላለን። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ኮምፒውተሮቹን ብቻ ነው የሚያነሳው፤ ማራገቢያው ቆሞ እኛ እንቀቀላለን። የምሳ ሰዓታችን ሃያ ደቂቃ ሲሆን እሱንም የምንበላው እዚያው ጠረጴዛችን ላይ ነው። የኔ ወንበር አንድ እግሩ ስለተሰበረ ቀኑን ሙሉ በአንድ ጎኔ ሚዛን ጠብቄ እውላለሁ። ስለ ወንበሩ አንድ ጊዜ ተናግሬ፣ "አንቺ እኮ ቀጭን ነሽ፣ ምን ያደርግሻል?" ተብዬ ተመልሻለሁ።

ከሁሉ የባሰው ግን የሽንት ቤቱ ቁልፍ ነበር። ቁልፉ የወጥ ማማሰያ በሚያህል እንጨት ላይ ታስሮ፣ ከቢሮው ባለቤት የመስታወት ክፍል ፊት ለፊት ካለ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። አጠገቡ ደብተር አለ። ስም፣ የወጣችበት ሰዓት፣ የተመለሰችበት ሰዓት። ዓርብ ዓርብ ደብተሩ በሁላችን ፊት ይነበባል። "ልጆቼ፣ ኩላሊቷን የሚያማት ካለች ትንገረኝ፣ አሳክማታለሁ" ይባላል። ሁሉም ይስቃል። እኔም ስቄያለሁ።

ይህን የሚሉት የቢሮው ባለቤት የአገራችን ሰው ናቸው። እትዬ ነው የምንላቸው። ሀብታሞቹ ሰፈር ኪሌሌሽዋ ይኖራሉ፤ ነጠላቸው ሁልጊዜ እንደተተኮሰ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን መጋረጃ የሚያሠሩ፣ ለታመመ ሾርባ የሚልኩ ሴት ናቸው። ቢሮው ግድግዳ ላይ "እኛ ቤተሰብ ነን" የሚል ትልቅ ጽሑፍ አሰቅለዋል። የቤተሰቡ ውል የሦስት ወር ነበር። ሦስት ወሩ ሲያልቅ ካደሱልን እሰየው፤ ካላደሱልን ፐርሚታችን የተሠራው በሳቸው ቢሮ ስም ስለሆነ ሥራው ብቻ ሳይሆን ኬንያ መኖራችንም ያበቃል። ሦስተኛው ወር ላይ ሁላችንም ጥሩ ልጆች እንሆናለን።

እዚያ ክፍል ውስጥ የተነገረ ነገር ሁሉ እትዬ ጆሮ ይደርስ ነበር። አንዷ ወገቤን ወንበሩ ገደለኝ ብትል፣ ሰኞ ዕለት እትዬ ቆም ብለው "ወገብሽ እንዴት ነው? ካቃተሽ እኮ እረፊ" ይሏታል፤ እረፊ ማለት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሌላዋ ሌላ ቦታ ሥራ ስትጠይቅ፣ ውሏ ሳይታደስ ቀረ። አንዲት ልጅ ደግሞ ሆዷ ገፋ ሲል "ሥራ ቀንሷል" ተብላ ተሰናበተች፤ በማግስቱ ወንበሯ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦበት አገኘን። መሀላችን አንድ ጆሮ ጠቢ እንዳለ ግልጽ ነበር። እኔ ደግሞ ማን እንደሆነች ደርሼበታለሁ ብዬ አምን ነበር።

ሞያሌዋ ናት። ተወልዳ ያደገችው ኬንያ በኩል ባለው ሞያሌ ነው፤ አማርኛዋ ጥሩ ቢሆንም ስዋሂሊ ጣል ጣል ታደርግበታለች። አንቱታ የሚባል ነገር አታውቅም። እትዬን "አንቺ" ትላቸዋለች፤ እሳቸውም አይቆጧትም። ለምንድነው የማይቆጧት? ከታች ካለው ዘበኛ ጋር በስዋሂሊ እያወራች ከት ብላ ትስቃለች፤ ምን እያሉ ነው? ቁልፉን በቀን አራት ጊዜ ትወስዳለች፤ በእትዬ በር ነው የምታልፈው፤ ሲያልፉ ደግሞ አንድ ሁለት ቃል ጣል ማድረግ ምን ያቅታል? እንዲህ እንዲህ እያልኩ አጠራቅም ነበር። እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር፣ ሙስሊም መሆኗም አለበት። እኛ የጾም ምሳ ዕቃችንን ከፍተን ስንጎራረስ እሷ ለብቻዋ ትበላለች። ማንም ነይ ብሏት አያውቅም፤ እኔ ግን ራሷን ያገለለችው የምትደብቀው ቢኖራት ነው አልኩ።

በግራዬ የምትቀመጠውን ልጅ ጎረቤቴ እላታለሁ። በዚያ ቢሮ የማምናት እሷን ብቻ ነበር፤ እሷን የማያምን ሰው ደግሞ መጀመሪያውኑ ልብ የለውም። ባሏ ጁባ መስመር ላይ የጭነት መኪና ይነዳል፤ በሁለት ወር አንዴ ቢመጣ ነው። አምና ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ደረጃ ላይ ክንዴን ያዝ አድርጋ አስቆመችኝ።

"ሦስተኛ ወሬን ይዣለሁ" አለችኝ።

ደስ ብሎኝ አቀፍኳት። ከሁለት ውርጃ በኋላ እንደሆነ አውቃለሁ።

"ውሌ የሚያልቀው ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ ነው" አለች። "እስኪፈርሙልኝ ድረስ ማንም እንዳይሰማ። አንዴ ከፈረሙ በኋላ በእርግዝና ማባረር አይችሉም፣ ሕግ አለ። በማርያም፣ አደራሽን።"

"እኔን?" አልኳት። ቅር ብሎኝ ነበር። "ይልቅ ከዚያችኛዋ ተጠንቀቂ።"

"ከማንኛዋ?"

"ከሞያሌዋ ነዋ።"

"አይመስለኝም" አለችና ወደ ላይ መውጣት ጀመረች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷን መጠበቅ ሥራዬ ሆነ። ደብተሩ ላይ ስሟ እንዳይበዛ ውሃ መጠጣት አቆመች። ከንፈሯ ተሰነጣጠቀ። ጠዋት ላይ ፊቷ ሲገረጣ ማዳመጫዋን በአንድ እጇ ደፍና፣ በሌላው ጠረጴዛውን ጨብጣ፣ ለአንድ የስኳር በሽተኛ የሐኪሙን ምክር በለሰለሰ ድምፅ ስትነግር እሰማታለሁ። ሐኪሙ ለበሽተኛው፣ "ብዙ ውሃ ይጠጡ" ይላል። እሷም ትተረጉማለች።

ክሊኒክ ስትሄድ ደሟ ዝቅ ብሏል፣ እንቁላልም ሥጋም ብዪ አሏት። እምቢ አለች። በመጨረሻ ለንስሐ አባቷ ነግራ፣ እሳቸው ተቆጥተው ጾሙን አስፈቷት። እንዲያም ሆኖ ሰው ፊት መብላቱ አሳፈራት። ምሳ ሰዓት ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አንድ የተቀቀለ እንቁላል በሁለት ጉርሻ ታጠፋዋለች። ግን በሁዳዴ፣ መስኮቱ በተቸነከረ ክፍል፣ ሽሮና ስልጆ በሚበላ ሰው መሀል የተቀቀለ እንቁላል አይደበቅም። ሁሉም አሸተተ። የተናገረ ግን አልነበረም።

እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እትዬ በመኪናቸው ወደ ቤቴ ያደርሱኝ ነበር። እህታቸው ሳውዝ ሲ ነው የምትኖረው፣ እኔም እዚያው ነኝ፤ መንገዳቸው ላይ ነው። ከቢሮው ልጆች ሁሉ ይህ ክብር የኔ ብቻ ነበር፤ አልዋሽም፣ ደስ ይለኛል። ከፊት ወንበር ተቀምጬ፣ ነጠላዬን ጭኔ ላይ አጥፌ፣ ስለ ልጆቹ ሲጠይቁኝ ለሁሉም ጥሩ ጥሩውን እናገርላቸዋለሁ። ከአለቃ ፊት ለጓደኛ አፍ መሆን ከቤቴ ያየሁት ነው። አባቴም እንዲህ ነበር፤ ለስንቱ ሰው ለምኖ ሥራ አስገብቷል።

የጾሙ አምስተኛ እሁድ ላይ ዝናብ ይጥል ነበር። ሞምባሳ መንገድ ላይ ተዘግቶብን ቆመናል።

"የአጠገብሽ ልጅ ደፍራለች" አሉኝ እትዬ።

"ምን አደረገች እትዬ?"

"በሁዳዴ እንቁላል! ያውም ቢሮዬ ውስጥ። ሽታው እኔ ክፍል ድረስ መጥቷል። እኔ ሥራ እንጂ ነፍስ አልቆጣጠርም፣ ግን ያሳፍራል። የማን ልጅ ናት?"

ደሜ ፈላ። እሷ ምን ያህል እንደተሳቀቀች፣ ስንት ቀን እምቢ እንዳለች የማውቀው እኔ ነኝ።

"ኧረ እትዬ፣ እንደዚያ ዓይነት ልጅ አይደለችም!" አልኳቸው። "የንስሐ አባቷ ፈቅደውላት ነው እንጂ እሷ ጾም ልትሽር?"

የፊት መስታወቱን ውሃ የሚጠርገው ነገር ሁለት ሦስት ጊዜ ወዲያና ወዲህ አለ። ከፊታችን ያለው መኪና ተንቀሳቀሰና እኛም ተከተልን።

"እንዲያ ነው እንዴ?" አሉ በለሆሳስ። ቀጥለውም፣ "ማርያም በሽልም ታውጣት" አሉ።

"አሜን" አልኩ።

እንዲህ ያለ ምርቃት ሲሰማ አፍ አሜን ሳይል አያልፍም። ካልኩት በኋላ ነው ያልኩትን የሰማሁት። እትዬ ግን ፈገግ ብለው መንዳታቸውን ቀጠሉ፤ በሬ ላይ ሲያወርዱኝ "ለእናትሽ ሰላም በዪልኝ" አሉኝ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ራሴን ሳሳምን ዋልኩ። መረቋት እኮ! ማርያምን ጠርቶ የመረቀ ሰው እንዴት ክፉ ያደርጋል? እንዲያውም ደስ ብሏቸዋል፣ ሴት ናቸው፣ ወላድ ናቸው። ዝናቡም ይጮህ ነበር፣ አሜኔን ላይሰሙትም ይችላሉ። ለጎረቤቴ ምንም አልነገርኳትም። ለምን አስጨንቃታለሁ አልኩ።

ማክሰኞ ዕለት እትዬ ሞያሌዋን አስጠሯትና በሩ ተዘጋ። በመስታወቱ ውስጥ እትዬ ሲስቁ አየሁ። ሞያሌዋ ስትወጣ ማንንም ሳታይ ተቀምጣ ማዳመጫዋን ደፋች። ዓርብ ላይ ለጎረቤቴ ደብዳቤ ተሰጣት። ሥራ ስለቀነሰ ውሏ ሲያልቅ አይታደስም ይላል። ከሥሩ ስላደረገችው መልካም አገልግሎት ምስጋና አለበት።

ጎረቤቴ ደብዳቤውን አጥፋ ምሳ ዕቃዋ ውስጥ ከተተችው። አላለቀሰችም። ስልኳ ጠራና አነሳች።

"እሷ ናት" አልኳት ስንወጣ። "ማክሰኞ ተጠርታ፣ ዓርብ ደብዳቤ! ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ?"

"አይመስለኝም አልኩሽ እኮ" አለችኝ፤ ይህን ስትል ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። የዋህነቷ አናደደኝ። እንዲህ ተሸጣ እንኳ የሸጣትን አታይም አልኩ በልቤ። ማታቱ አስይዣት ተመለስኩና ሞያሌዋን ደረጃው ላይ ጠበቅኳት። ስትወርድ መንገዷን ዘጋሁባት።

"ለምን ነገርሽባት?"

"ምኑን?"

"እርጉዝ መሆኗን ነዋ! ማክሰኞ በር ዘግታችሁ ምን ስትሉ ነበር?"

ቦርሳዋን ደረጃው ላይ አስቀመጠች። የምትመታኝ መስሎኝ ነበር።

"ጠራችኝ" አለች። "'ያቺን ልጅ ቄሷ እንቁላል ብዪ ያሏት ለምንድነው? ታውቂያለሽ?' አለችኝ። ሲጁዊ አልኳት፣ አላውቅም። እኔ ስለ እናንተ ጾም ምን አውቃለሁ? ሳቀችብኝ። 'ክርስቲያን ብትሆኚ ይገባሽ ነበር፣ በይ ሂጂ' አለችኝ። ዋላሂ፣ ይኼው ነው።"

"እርጉዝ መሆኗን አታውቂም ነበር ልትዪኝ ነው?"

"እንዴት አላውቅም? እናቴ ስምንት ወልዳለች። ቁልፉን በቀን አራቴ የምወስደው ለራሴ መስሎሻል? ወስጄ በሩን ሳልቆልፈው እመለሳለሁ፤ እሷ ኮፒ ላደርግ ብላ ተነስታ፣ ስሟን ሳትጽፍ ትገባለች። ዓርብ ዓርብ የሚሳቀው በኔ ስም ነው። ይሳቁ።"

"ይህን ለምን አልነገረችኝም?"

"እኔ ነኝ እንዳትነግሪያት ያልኳት።"

"ለምን?"

"እሁድ እሁድ የማን መኪና ውስጥ ነው የምትገቢው?" አለችኝ። ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ግልጽ ነገር እንደሚናገር ሰው ነበር ያለችው። "ቢሮው ሁሉ የሚያውቀው ነው። አንቺ ስትመጪ ዝም የሚሉት ለምን ይመስልሻል? ተጠንቀቂያት ብያት ነበር። 'እሷማ ጓደኛዬ ናት' አለችኝ።"

ቦርሳዋን አነሳች። ሁለት ደረጃ ወርዳ ዞር አለች።

"አሁን አንቺ ንገሪኝ። ስለ ቄሱ ለቦስ ማን ነገራት?"

ይህን ብላ ወረደች። እኔ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። የጨርቅ መደብሩ ሠራተኞች የብረት በራቸውን ሲያወርዱ ይሰማኛል። የዚያችን ልጅ የወገብ ነገር ለእትዬ ማን ነገራቸው? እኔ። "ወገቧን እያመማት እንኳ እንዴት ጎበዝ ሠራተኛ መሰለችዎት" ብዬ። ሌላ ሥራ የጠየቀችውንስ? "እንዲህ ያለችዋን ልጅ ሌሎች ሊወስዷት ነው፣ እባክዎ ትንሽ ያስቡላት" ብዬ። ለሁሉም ጥሩ ጥሩውን ተናግሬላቸዋለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ ስፈልጋት የነበረችው ጆሮ ጠቢ ከፊት ወንበር ነጠላዋን አጥፋ የምትቀመጠው ነበረች። እንዲህ ያፈርኩበት ቀን አላስታውስም።

ሰኞ ዕለት ለጎረቤቴ "ተሳስቻለሁ፣ ሞያሌዋ አይደለችም" አልኳት። ታዲያ ማን ናት አላለችኝም፤ እኔም አልጨመርኩም። በምሳ ሰዓት ሦስታችን ደረጃው ላይ ቆመን ምን እናድርግ አልን። ጎረቤቴ ሽማግሌ እንላክ፣ አባቶችን እንለምን አለች። እኔ ዘልዬ ተስማማሁ። ሽማግሌ ያስታርቃል እንጂ ማን ምን አለ ብሎ አያፋጥጥም፤ እኔም ተሸፋፍኜ እቀራለሁ። ይህን እያሰብኩ ነው "እውነቷን ነው" ያልኩት።

"ሽማግሌዎቹ በዓል ሲሆን የማን ቤት ነው የሚበሉት?" አለች ሞያሌዋ። "ሌበር ኦፊስ እንሂድ። ሕግ አለ ስትሉ አልነበረም?" እኔን ዓይን ዓይኔን እያየች ነው የምትናገረው። ለጎረቤቴ ግን አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ነገሩን ለኔ ትታልኛለች። ብትናገረው ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ጥርሴን አሞኛል ብዬ ለቢሮ ደወልኩ፤ እነሱም የየራሳቸውን ሰበብ አግኝተው ሦስታችን ሄድን። የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮው አግዳሚ ወንበር ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ ተቀመጥን። በየደቂቃው በሩን አያለሁ፤ የሚገባው ሰው ሁሉ የእትዬ ዘመድ ይመስለኛል። በመጨረሻ ሹራብ የደረበች፣ ሻይዋን አጠገቧ ያስቀመጠች ሴት ተቀበለችን። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

"እርጉዝ መሆንሽን ለቀጣሪሽ በጽሑፍ አሳውቀሻል?" ብላ ጠየቀቻት።

"አላሳወቅኩም" አለች ጎረቤቴ።

"በቃልስ?"

"በቃልም። ደብቄ ነበር፣ ፈርቼ።"

"ደብዳቤው ሥራ ቀንሷል ነው የሚለው። ማርገዝሽን ካላወቀች በእርግዝናዬ ምክንያት አሰናበተችኝ ልትዪ አትችይም። ገባሽ? ማወቋን የሚያሳይ ነገር ያስፈልገኛል።"

"ታውቃለች።"

"እንዴት?"

ጎረቤቴ እጆቿን ሆዷ ላይ አደረገች። "አላውቅም" አለች። "ግን ታውቃለች።"

ሴትዮዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ክፉ ሰው አትመስልም፤ ከኋላችን ሰው ሞልቷል፣ ሥራዋ ነው። ሞያሌዋ ጣራውን ታያለች። እኔ ስለ ፐርሚቴ አሰብኩ። የኔም ውል ከሁለት ወር በኋላ ያልቃል። የናቴ መድኃኒት የሚገዛው ከኔ ነው። ዝም ብል የሚያውቅብኝ ሞያሌዋ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ አትናገርም። ጎረቤቴ ምንጊዜም ጓደኛዬ ናት ትላለች። ደብዳቤውን ከጠረጴዛው ላይ ለማንሳት እጇን ስትዘረጋ አየሁ።

"እኔ አውቃለሁ" አልኩ። "እኔ ነኝ የነገርኳት።"

ጎረቤቴ ዞር አላለችም። እጇ ደብዳቤው ላይ እንዳለ ቀረ።

ሴትዮዋ ብዕሯን አንስታ ሁሉንም ጠየቀችኝ። የት? መቼ? ማን ምን አለ? ጾማችን ምን እንደሆነ፣ ቄስ ጾም የሚያስፈታው ለማን እንደሆነ፣ ያ ምርቃት ለእርጉዝ ብቻ የሚባል መሆኑን፣ እኔም አሜን ማለቴን። የሰው ቃል ሳስተረጉም የኖርኩ ሴት የራሴን ሦስት ዓረፍተ ነገር መናገር አቅቶኝ አላበኝ። የጻፈችውን ጮክ ብላ መልሳ አነበበችልኝ። በእንግሊዝኛ ሲነበብ ሁሉም ነገር አጭርና ቀላል ነበር። መሀል ላይ ጎረቤቴ ተነሳች፤ ከኔ አጠገብ የነበረውን ወንበሯን ትታ ከሞያሌዋ ወዲያ ሄዳ ቆመች።

"ትክክል ነው?" አለችኝ ሴትዮዋ። "ቀጣሪሽ ይህን ታያለች። አሁንም እዚያው ነው የምትሠሪው?"

"ትክክል ነው" አልኩና ፈረምኩ።

ስንወጣ ዝናብ ጀምሮ ነበር። ጎረቤቴን "ስሚኝማ" አልኳት። "አንቺ ብትጠይቂኝ እኔ ራሴ እነግራቸው ነበር" አለችኝ፤ ምን ማለቷ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም። ማታቱ ስትገባ ሞያሌዋ ክንዷን ይዛ ደገፈቻት።

ነገሩ ወራት ፈጀ። እትዬ ሁለት ጊዜ ተጠርተው በሦስተኛው የጎረቤቴን ውል አደሱ፣ የወሊድ ፈቃዷንም ሰጧት። የኔ ውል ባለቀበት ቀን አለቀ። እትዬ አልተቆጡኝም፤ "እግዜር ይይልሽ፣ እንደ ልጄ ነበር የማይሽ" ብቻ አሉኝ፤ የሚገርመው እንባቸው መጣ። እውነተኛ እንባ ይሁን አይሁን ብዙ አሰብኩበት። ፐርሚቴን በሌላ ሰው ስም ለማዛወር ስንከራተት ከርሜ አሁን ሳውዝ ሲ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት እሠራለሁ። ለጎረቤቴ እደውላለሁ፣ አታነሳም። የምትደውልልኝ ሞያሌዋ ናት። በየሳምንቱ። ለምን እንደምትደውል መጀመሪያ ላይ ጠርጥሬ ነበር፤ ትቼዋለሁ፣ ወይም ለመተው እየሞከርኩ ነው።

ባለፈው ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከቢሮው መስመር ደወለች።

"ወለደች" አለችኝ። "ሁለቱም ደህና ናቸው።"

ስልኩን እንደያዝኩ እልል አልኩ፤ በላተኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

"ወንድ ነው ሴት?" አልኳት።

የሌሎቹ ስልክ ከኋላዋ ሲጠራ ይሰማኛል።

"ፖሌ" አለችኝ፣ ይቅርታ። "እሱን ላንቺ እንዳልነግርሽ ብላኛለች።"